ኦርጋንህ ሰው እንዳያስደነግጥ

ስቅለት ማታ ነበር። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርገን ካልከፈትን ውስጥ መቀመጥ አይቻልም። ወንድማችን የሕማማቱን ምንባብ ሊያነብ ተነሳ። እኔ ደግሞ ከስር የሚሄድ ነገር እንድጫወት ተነግሮኛል። ከበድ ይበል ብዬ ያንን ትልቁን የፈረንጅ ካቴድራል ኦርጋን ድምፅ ጫንኩ። ኦክታቩን አንድ አወረድኩ (ከአንድ ሲ ወደ ታችኛው ሲ እንደ መውረድ ነው)፣ ሪቨርቡን፣ ማለትም ማስተጋቢያውን፣ እስከ ጥግ ሞላሁ፣ ግራ እጄን ታች ጥዬ ሦስት ቁልፍ ያዝኩና አልለቅ አልኩ። ለራሴ ጆሮ ጉድ ነበር።

ፊት ወንበር ላይ የነበረች ሕፃን እናቷ ጉያ ገብታ ማልቀስ ጀመረች። ከኋላዋ ያለው ልጅ ለጓደኛው «አሁን ቫምፓየሩ ይወጣል» አለው። ያንሾካሾከ መስሎታል፣ እኔ ድረስ ተሰማ። ሁለቱ ሳቃቸውን ሊያፍኑ ሲታገሉ አንባቢው ወንድም መስመሩ ጠፋበት።

ፕሮግራሙ አልቆ ስወጣ በራችን አጠገብ ሳምቡሳ የምትጠብሰው አዴ ጠበቀችኝ። ሙስሊም ናት፤ መዝሙራችንን ግን ከብዙዎቻችን በላይ ታውቀዋለች፣ ስንት ዓመት በተከፈተው በር ሰምታዋለች። «አቦ ማን ሞተባችሁ? ዘይቱን አውርጄ ልመጣ ስል ዝም አላችሁ» አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። ከዛ አሰብ አደረግኩና፣ ስቅለት እኮ ነው አልኳት። «ታዲያ ለቅሶ ከሆነ አልቅሱ፤ ምን ሰው ታስፈራራላችሁ?» ብላ ሁለት ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ።

ቃሏ ሲከነክነኝ ከረመ። ለቅሶ ልጫወት ብዬ ማስፈራራት ተጫውቼ ነበር። ከዛ ወዲህ የለቀምኩትን ነው እዚህ የማራግፈው፤ በየጸሎት ቤቱ ኦርጋን ላይ ለሚቀመጥ ልጅ። አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ አንቺም ብትሆኚ ያው ነው። ድሬ ላይ አንቱታ ድሮም አይበዛም።

መጀመሪያ ስሙ አይሸውድህ

እኛ ዘንድ ኦርጋን ማለት ኪቦርድ ነው። ያማሃ ይሁን ካሲዮ፣ ቁልፍ ካለውና ሶኬት ላይ ከተሰካ ኦርጋን ነው። ከነዚህ ኪቦርዶች ብዙዎቹ ጄኔራል ሚዲ የሚባለውን የድምፅ ዝርዝር ይከተላሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ ነው፣ 128 ድምፅ አለው። እዚያ ላይ 20ኛው ስሙ «የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን» ነው። ወጥመዱ እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ተብሎ ተጽፎበት እያየህ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም ብለህ በምን ትጠረጥራለህ?

ግን የማን ቤተ ክርስቲያን? ያ ድምፅ የሚመስለው አየር በቧንቧ እየተነፋ የሚጮኸውን፣ አንዳንዱ ግድግዳ ሙሉ የሚይዘውን የአውሮፓ ኦርጋን ነው። እሱም ቢሆን ሲወለድ የቤተ ክርስቲያን ልጅ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያ ላይ ክቴሲቢዮስ የሚባል መሐንዲስ ነው በውሃ ግፊት የሚሠራውን የሠራው፤ ሮማውያን ግላዲያተር የሚጋደልበት ሜዳ ላይ ያስጮኹት ነበር። ወደ ምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የገባው ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ ከገባም በኋላ ሁሉም እሰየው አላለውም። በ1520ዎቹ ዙሪክ ላይ የተሐድሶ መሪው ዝዊንግሊ፣ ያውም ራሱ ብዙ መሣሪያ የሚጫወት ሰው፣ ከአምልኮ አስወጥቶታል። የእኛዋ ኦርቶዶክስ ማኅሌቷን የምትቆመው በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ ነው፤ ኦርጋን እዚያ ምንም ሥራ የለውም። የካቶሊኩ ፖፕ ፒዮስ 10ኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1903 ባወጡት መመሪያ የከለከሉት ፒያኖን ነው! ከበሮንም ጨምረው። ኦርጋኑን ፈቀዱት፣ ግን ዝማሬውን ይደግፍ እንጂ አይጫነው የሚል ቃል አስገቡበት። ዛሬ ፒያኖው ቅዱስ ሆኖ ኦርጋኑ የሚያስበረግግ መሆኑን ቢያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

ታዲያ ማስበርገጉ ከየት መጣ? ከሲኒማ ነው። ፊልም ድምፅ ባልነበረው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ኦርጋን ያስተክሉ ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ፊልሙን ያጅባል። እ.ኤ.አ. በ1925 ፊቱን በጭምብል የሸፈነ ሰውዬ ፓሪስ ኦፔራ ምድር ቤት ውስጥ ኦርጋን ሲጫወት በፊልም ታየ። በ1931 የዶክተር ጄኪልና ሚስተር ሃይድ ፊልም ሲከፈት የተሰማው በዲ ማይነር የተጻፈው የባኽ ቶካታ የሚባል የኦርጋን ሥራ ነው። ባኽ አብዛኛውን ዕድሜውን የቤተ ክርስቲያን ሙዚቀኛ የነበረ ሰው ነው፤ ሥራው ግን ለጭራቅ መግቢያ ሆነ። ከዛ በኋላ ካርቱኑም ሬዲዮኑም ተቀባበሉት።

አሁን ልብ በል። የጀርመን አሮጊት ይህንን ድምፅ ከልጅነቷ ጀምራ በየእሁዱ ሰምታዋለች፤ ሠርጓንም የእናቷንም ቀብር አጅቧል። ፊልሙ በኋላ ነው የመጣባት። የድሬ ልጅ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው ፊልም ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻም እዚያው ነው። እኔ ራሴ መጀመሪያ የሰማሁት መጋላ ውስጥ ቪዲዮ ቤት ነው፣ መጋረጃው አሮጌ ብርድ ልብስ ነበር፣ ድምፁ ሲጀምር ሁላችንም እግራችንን ወደ ወንበሩ እንሰበስብ ነበር፤ ከወንበሩ ስር የሚይዘን ያለ ይመስል። እንግዲህ ያንን ጆሮ ይዤ አድጌ ነው ስቅለት ላይ ቁጥር 20ን የጫንኩት። እሷ ደብር የሚታያት ቦታ ላይ ለእኛ መቃብር የሚከፈት ነው የሚታየን። መሣሪያው አልተረገመም፤ ጆሯችን የሰማበት ቦታ ነው የተለየው። ለጸሎት ቤትህ ድምፅ ስትመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለብህ ይሄንን ነው፤ ይሄ ሕዝብ ይሄንን ድምፅ የት ነው የሚያውቀው?

በዚህ ሚዛን ስትሄድ መልሱ ሩቅ አይደለም። ከ20 ሁለት ቁጥር ብቻ ወደፊት ሂድ፤ 22ኛው አኮርዲዮን ነው። ትልልቅ ሰዎች ፊት ላይ የሚሆነውን እያየህ ተጫወተው። አኮርዲዮን እነሱ ዘንድ የመዝሙርና የድሮ ዘመን ድምፅ ነው፤ እኔ ስጫወተው አንድ አባት ከመዝሙሩ በፊት ማጨብጨብ ጀመረ።

እጅህ ላይ የሚስተካከለው

የግድ የኦርጋን ድምፅ ከፈለግክም መላ አለው። ክራር ስትመታው ይጮህና ይሞታል፤ ፒያኖም እንደዛው። ኦርጋን ግን ጣትህ ቁልፉ ላይ እስካለ አይሞትም። ትንፋሽ የማይጨርስ ነገር ስትሰማ ደግሞ ሳታውቀው አንድ ነገር መጠበቅ ትጀምራለህ። እንግዲህ ምእመኑ ሲተነፍስ አንተም እጅህን አንሳ። ዘዴው ራስህ መዘመር ነው፤ ድምፅህ ባያምር ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ፣ አየር ስትስብ እጅህ ይነሳ። በአንድ ሳምንት ይለመዳል። ይህቺን ብቻ አድርገህ ሌላውን ብትተወው እንኳ ግማሹ ችግር ይጠፋል።

ታችኛው ድምፅ ሁለተኛው ነው። ከመካከለኛው ሲ አንድ ኦክታቭ ወርደህ፣ ከዚያ በታች ሦስት ቁልፍ አጠጋግተህ አትያዝ። እዚያ ታች ድምፆቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ያጉረመርማሉ። በአውሮፓ ትልልቆቹ ኦርጋኖች 32 ጫማ የሚሆን ቧንቧ አላቸው። የመጨረሻው ወፍራም ድምፁ በሴኮንድ 16 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ከጆሮ ይልቅ በደረትና በወንበር ነው የሚሰማው። ድንጋይ ካቴድራል ውስጥ ያምርበት ይሆናል። የእኛ አዳራሽ ግን ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ቆርቆሮው አብሮህ ይንቀጠቀጣል። ቤዝ ጊታር ካላችሁ ታችኛውን ለእሱ ተውለት። ከሌላችሁ ግራ እጅህ አንድ ቁልፍ ይያዝ፤ ቢበዛ ሲና ጂ። ስክሪንህ የኦርጋን ድምፅ ላይ 16፣ 8፣ 4 እያለ የሚያሳይህ ከሆነ እነሱ የቧንቧ ርዝመት ናቸው በጫማ፤ 16ቱን ቀንሰህ 8ና 4 ላይ ተቀመጥ።

ከዛ ኮርዱ፣ አንድ ላይ የምትይዛቸው ቁልፎች ማለት ነው። ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ ፍላት፣ ኤ አንድ ላይ ያዛቸው። ሰማኸው? ዲሚኒሽድ ነው። በቁልፎቹ መሀል ያለው ርቀት ሁሉ እኩል ስለሆነ የትኛው ቤት፣ የትኛው መንገድ እንደሆነ አይለይም። ያ ግራ መጋባት ነው ክፉው ሰውዬ ብቅ ሲል የሚመረጥበት ምክንያት። ለማለፊያ ብትነካው ምንም አይደል፤ ጎበዝ ተጫዋቾች ከኮርድ ወደ ኮርድ ሲሻገሩ ይረግጡታል። ይዘኸው አትቀመጥ፣ በቃ።

እግረ መንገዴን፣ ከሲ እስከ ጂ ፍላት ያለው ርቀት «የሰይጣን ድምፅ» ነው፣ ድሮ ቤተ ክርስቲያን አግዳዋለች እያለ የሚያስተምር ሰው ካጋጠመህ አታምነው። «ሰይጣን» የሚለው ቅጽል በሙዚቃ መምህራን ዘንድ አለ፤ መታገዱ ግን ተረት ነው። ደግሞስ የእኛው አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ አይደለም እንዴ? ያ ርቀት መሀል ቁጭ ብሎ ስንት ዘፈንና መዝሙር ተዘምሮበታል፣ የደነገጠ ሰው አላየንም። ጆሮ የለመደውን አይፈራም።

ማይነር፣ ያ ሐዘን ሐዘን የሚለው፣ እሱም ላይ አትፍረድ። አንዳንድ አምልኮ መሪዎች ሰው እንዳይከብደው እያሉ ሁሉን ነገር ሜጀር፣ ያ ደስ ደስ የሚለውን፣ ያደርጋሉ፤ ለእኔ ይሄ ሌላ ጥፋት ነው። ሐዘን ነውር አይደለም። በገናን አስብ። አሥር አውታር፣ ወፍራም፣ በየአውታሩ ስር እንዝራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ እየገባች የምታንዛርረው፤ በወረቀት ላይ ብትጽፈው ዝቅ ያለ፣ የሚነዝር፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው፣ ማለትም አሁን አታድርግ ያልኩህ ሁሉ አለው። ግን ዓቢይ ጾም ላይ በገና ሰምቶ ወደ ኋላው የዞረ ሰው አይቼ አላውቅም። ለምን? አውታሩ ተመትቶ ይሞታል፣ ትንፋሽ አለው፣ ደርዳሪው በመሀል ይናገርበታል፣ ጆሯችንም ከጾምና ከጸሎት ጋር ነው የሚያውቀው። አዴ «አልቅሱ» ያለችኝ ይሄንን ነው። በገና የመጫወት ዕድል ባይኖርህ እንኳ ሰምተህ ቀስታውን ቅዳ።

ሪቨርብ ላይ ብዙ አልልም፤ አዳራሹ በራሱ ያስተጋባል፣ አንተ አትጨምርበት። እኔ ከ127ቱ ከ40 አላልፍም። ትሬሞሎውንም፣ ያ የሚንቀጠቀጠው ነገር፣ አንድ ቀጭን ድምፅ ይዘህ አታብራው።

ሰባኪው ሲናገር

አሁን ወደሚያጣላኝ ነገር መጣሁ። ሰባኪው ስለ ፍርድ ሲናገር ከስር ዝቅ ያለ ፓድ፣ ያ ሳይቋረጥ የሚዘረጋ ድምፅ፣ ይዘህ፣ ቀስ እያልክ ድምፁን እየጨመርክ የምትሄደው ነገር አለ አይደል? ሁላችንም አድርገነዋል። ይሠራልም። ሰው ይጨነቃል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጥሪው ሲመጣ እጁን ያነሳል። ችግሩ መሥራቱ ነው። ያ ሰው ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ፓዱ ጠፍቶ፣ ፋን ብቻ እየዞረ ሲተኛ ምን ይዞ ቀረ? ቃሉ ነክቶት ከሆነ ይቀራል። የነካው የእኔ ግራ እጅ ከሆነ ግን እኔ አብሬው ቤቱ አልሄድም።

አንድ ሽማግሌያችን በዚህ ጉዳይ ተከራክረውኛል፣ ክርክራቸውም ቀላል አልነበረም። «ቤተ እግዚአብሔር ገብቶ ሰው ካልፈራ የት ሊፈራ ነው?» አሉኝ። እውነት አላቸው፣ መፍራትስ አለ። ግን እግዚአብሔርን የፈራ ሰው ይንበረከካል፤ በድምፅ የደነገጠ ሰው በሩ የት እንደሆነ ያያል። ጳውሎስም በመጀመሪያው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 14 ላይ ዋሽንትና ክራር እንኳ ድምፃቸው ካልተለየ የሚጫወቱት ነገር እንዴት ይታወቃል፣ መለከቱ ግልጽ ካልሆነ ለጦርነት ማን ይዘጋጃል ብሎ ይጠይቃል። ሰው ኦርጋኑን ሰምቶ «ልዘምር? ላልቅስ? ልሽሽ?» እያለ ከተወዛገበ ያ መለከት ግልጽ አይደለም። ሽማግሌው ግማሹን ተቀበሉኝ። ሌላውን ግማሽ አሁንም እየተከራከርን ነው።

በተግባር ግን እንዲህ አድርግ። ስብከት ላይ እጅህን ጉልበትህ ላይ አስቀምጥ። ዝምታ ያስፈራል ብለህ አትሙላው፤ የድሬ ዝምታ ደግሞ ዝምታም አይደለም፣ ባጃጁ አለ፣ ልጆቹ አሉ። ጸሎት ላይ ከስር ተጫወት ካሉህ ሕዝቡ ግጥሙን በቃሉ የሚያውቀውን መዝሙር ዜማ ብቻ፣ በቀኝ እጅህ፣ በቀስታ አውጣው። ሰው ዜማውን ሲያውቀው ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ስለዚህ አይጨነቅም። በተለይ ሰው እየጮኸ እየወደቀ የሚጸለይበት ሰዓት ላይ ያንን ከባድ ድምፅ ብትጨምርበት ሕፃናቱ ለወራት እንቅልፍ ያጣሉ። ያኔ እኔ ኪቦርዱን አጥፍቼ እነሳለሁ። ተቆጥተውኝም ያውቃሉ።

ከኋላ ወንበር ሆነህ ስማው

የተጫዋች ጆሮ አይታመንም። የምትሰማው ሞኒተሩን፣ አጠገብህ ያለውን ድምፅ ማጉያ፣ ነው እንጂ አዳራሹን አይደለም። ልምምድ ላይ ስልክህን ቅጃ ላይ አድርገህ መጨረሻ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ሌላ ቀን ደግሞ ከበሩ ውጭ፣ ሳምቡሳው ጋ። ከዛ ሙዚቃ ለማያውቅ ሰው አሰማው። «አማረ?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም አማረ ነው የሚልህ፣ ይሉኝታ አለ። «ምን ታየህ?» በለው። ሠርግ ካለህ ጥሩ፣ ለቅሶ ቤት ካለህ እንደ ቀኑ ጥሩ ነው። ፊልም ካለህ ድምፁን ቀይር። ልጆችን ብትጠይቅ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምሃል፤ ሳያለባብሱ ነው የሚነግሩህ።

ተጫዋቹ አንተ ሳትሆን ሌላ ልጅ ከሆነና የሚያስበረግግ ነገር ካወጣ መድረክ ላይ አታርመው። ሰይጣናዊ ነው የሚለውን ቃልማ ጨርሰህ አታንሳ፤ ያንን የሰማ ልጅ ወይ ይጣላሃል ወይ ሙዚቃውን ይተዋል፣ ሁለቱንም አይቻለሁ። ሻይ ጋብዘውና የቀዳኸውን አሰማው። ከዛ አንድ ነገር ብቻ ንገረው፣ ለምሳሌ «ግራ እጅህን አንድ ኦክታቭ አውጣው»። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላውን።

አንዲት ነገር ረስቼ፤ መብራት። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ኪቦርዱ መልሶ የሚከፍትልህ የራሱን ነው፤ ያስተካከልከው ሁሉ ጠፍቷል። በጨለማ ስትደናበር እጅህ ያረፈበትን ትጫናለህ። ስለዚህ ፒያኖውን፣ አኮርዲዮኑንና አንድ ለስላሳ ኦርጋን ሬጅስትሬሽን ሜሞሪ ላይ 1፣ 2፣ 3 አድርገህ አስቀምጥ፣ በፕላስተርም ጻፍበት። እኔ ከፓነሉ ላይ ከስሞቹ ዝርዝር የካቴድራሉን ኦርጋን ስም ብቻ በጥቁር ፕላስተር ሸፍኜዋለሁ። ያ «ቫምፓየሩ ይወጣል» ያለው ልጅ አሁን ኦርጋን እየተማረብኝ ነው፤ እሁድ ስመጣ ፕላስተሩ ሁልጊዜ ተልጦ አገኘዋለሁ።